ለዳኛው የታረመ ማሳ

ሰው ዳኛ የሚሆነው ተምሮ ነው፣ ወይም ዘመድ ኖሮት ነው። እኔ ዳኛ የሆንኩት በሽንኩርት አረም ነው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል። እኔም ለማሳቅ ብዬ ነው የማወራው፤ ስቆ ሲጨርስ ግን የቀረውን እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ፤ የቀረው አያስቅምና።

ያኔ በየቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚባል ነበር። ድንበር መግፋት፣ ከብት ሰብል መብላቱ፣ ስድብ፣ የቦይ ውኃ ጠብ፣ እንዲህ ያለው ሁሉ እዚያ ይታያል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሕግ የተማሩ ሳይሆኑ ከመካከላችን ሕዝብ የሚጠቁማቸው፣ የቀበሌው ምክር ቤት ደግሞ የሚያጸድቃቸው ሰዎች ነበሩ። ደሞዝ የለውም። ሰኞና ሐሙስ ሥራህን ጥለህ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በላብ ተጠምቀህ፣ ጎረቤቶችህ ሲካሰሱ ስትሰማ ትውላለህ። ከሸዋሮቢት ወረድ ብሎ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ቀበሌያችን የሚኖረው ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነው። ውኃው ከራስጌ ጀምሮ በተራ ይወርዳል። ተራውን የሚያስጠብቅ ሽማግሌ አለን፤ የውኃ አባት እንለዋለን። የእኔ ማሳ ከቦዩ መሀል ላይ ነው። ማሾና ማሽላ በዝናብ እናመርታለን፤ በበጋ ግን ሁሉም ሰው ሽንኩርት ይተክላል፤ ሽንኩርቱን ከማሳ ጭኖ የሚወስደው አይሱዙ ነው የዓመቱን ልብስ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይዞልን የሚመጣው።

የምርጫው ስብሰባ የተደረገው ከትልቁ ሮቃ ዛፍ ሥር ነበር። አሥረኛ ክፍል ደርሼ ስለተመለስኩ፣ ደግሞም ፊት ለፊት ስለምናገር፣ አንዱ ተነስቶ ስሜን ጠራ። ወዲያው እጄን አወጣሁና አልችልም አልኩ። ምክንያቴን አልደበቅኩም። ሽንኩርቴ ገና መብቀሉ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ አረም አይችልም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከጠፋሁበት ሣር ነው የማጭደው አልኳቸው።

በየስብሰባው ዱዓ የሚያደርጉልን ሸህ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሱ።

«አንተ ልጅ፣ የያዘህ ሽንኩርቱ ብቻ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያስ ሽንኩርቱን እኛ እንይዝልሃለን፤ አንተ ፍርዱን ያዝልን። ማነው የሚያርምለት?»

የመጀመሪያውን እጅ ያወጣው የቦዩ ራስጌ ጎረቤቴ ነው። ይህን ሰው ጠላት አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም፤ አልነበረምም። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሲስቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ኋላ የሚወጣ፣ ደቦ ላይ ከሁሉ በፊት የሚደርስ ሰው ነበር። «ከነልጆቼ እመጣለሁ! ዳኛችን አረም አይነካም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጨበጨበ። አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ በነገሩ ውስጥ ነውር አላየም። እንዲያውም ልቤ ሞቀ። ስብሰባው ሲበተን ዳኛ ነበርኩ።

ደቦ እኛ አገር እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። መኮትኮቻውን ይዞ ማሳህ የመጣን ሰው ለምን መጣህ አትለውም። ማን እንደሚመጣም አስቀድመህ አትመርጥም። የመጣውን መመለስ፣ እጅህ ርኩስ ነው ብሎ ከመስደብ አይተናነስም፤ ለልጅ ልጅ የሚቆይ ቂም ነው። ከሰው የሚጠበቀው ማብላት፣ ቀሪቦውን መቅዳት፣ ጫቱን ማቅረብ፣ ከዚያም ብድሩን በጉልበት መመለስ ነው። የመጀመሪያው ችሎት ዕለት ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ ማሳዬ ከዳር እስከ ዳር ተኮትኩቶ አገኘሁት። አንዲት የሣር ዘር አልቀረችም። ባለቤቴ ንፍሮውን ቀቅላ፣ አብልታ፣ አመስግና ሸኝታቸዋለች። ማን ማን መጣ ብዬ ስጠይቃት ሰፈሩን በሙሉ ዘረዘረችልኝ። ደስታዬን እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ። ሰው እንዲህ ይወደኛል እንዴ አልኩ።

ደስታዬን ያበላሸው ኮት የለበሰ ወጣት ነው።

ለአዳዲስ ዳኞች ሥልጠና አለ ተብሎ ከተማ አዳራሽ ተጠራን። አሠልጣኙ ከደጋ የመጣ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ለጣርማ በር ብርድ የለበሰውን ኮት እኛ ጋ ደርሶም አላወለቀው። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ስለ ዳኛ ሥነ ምግባር ያነብልን ጀመር። ዳኛ ከባለጉዳይ ስጦታ አይቀበልም አለ። ሁላችንም እንዴት ተደርጎ በሚል ዓይነት ራሳችንን ነቀነቅን። ለጥቆ፣ ዳኛ ለመመረጥ ሲል ከሕዝብ ድጋፍ አያሰባስብም አለ፤ በገንዘብም ቢሆን፣ በዕቃም፣ በጉልበትም። ሳያውቅ የተቀበለ ካለ ይመልስ አለ። ሰንጋ፣ ጋቢ፣ ፖስታ እያለ ምሳሌ ሲደረድር አዳራሹ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ አዳመጠው። እኔን ግን «በጉልበት» የምትለው ቃል ጨምድዳ ያዘችኝ። አፌ ደግሞ ዝም አይልም።

«አረምስ?» አልኩት።

«ይቅርታ፣ ምን አሉ?»

«ብትመረጥ እናርምልሃለን ብለው ካረሙለት?»

ወረቀቱን ወደ ታች አደረገና አየኝ። «ያረሙት ሰዎች እዚያው ቀበሌ ነው የሚኖሩት?»

«ታዲያ አራሚ ከደብረ ብርሃን ይመጣል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። «አገልግሎት ነው። ነገ ከእነሱ አንዱ ፊትዎ ይቆማል። መመለስ አለብዎት» አለ።

«አረም እንዴት ይመለሳል?»

«አገልግሎቱ እንደሚመለስበት መንገድ» አለና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጠ። ጥያቄ የበዛበት ሰው ገጽ ሲገልጥ ያስታውቃል። እኔ ግን የሰጠኝን መልስ እንዳለ ይዤው ወጣሁ።

መጀመሪያ በገንዘብ ሞከርኩ። የአንድ ቀን የአራሚ ዋጋ ይዤ ሸሁ ቤት ሄድኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ባያርሙም ልጃቸውን ልከው ነበር። ብሩን ሳወጣ እንደ እባብ ነው ያዩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«የአረሙ ነው አባባ። ሕጉ መልስ ይላል።»

«ልጄን የቀን ሠራተኛ አደረግኸው? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት ውጣልኝ። ዳኛ ብለን ብናስቀምጥህ አጉል ሰው ሆንክ።»

እስከ ጁምዓ ሰላምታዬን አልመለሱም። ሌሎቹ ቤት በገንዘብ መሄድ እንደማያዋጣ ገባኝ። ስለዚህ ጉልበት የተቀበለ ሰው እኛ አገር እንዴት እንደሚመልስ የማውቀውን አደረግኩ። መኮትኮቻዬን አነሳሁና ችሎት በማይኖርባቸው ቀናት እየዞርኩ የሁሉንም ማሳ ማረም ጀመርኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አስታረቅኩ ብዬ ኮራሁ፤ ደንቡም አይጣስም፣ ሰውም አይከፋም። ባለቤቴ ማታ ማታ ወገቤን በቅባት እያሸች ታሾፍብኛለች።

«ባሌ ዳኛ ሆነ ሲሉኝ ሰው ያርምልሃል ብዬ ነበር። ለካ የሰፈሩ አራሚ ነው የሆንከው።»

«ንጹሕ እየሆንኩ ነው።»

«በጭቃ?»

መጨረሻ ላይ የቀረኝ የራስጌው ጎረቤቴ ማሳ ነበር። እሱ ከነልጆቹ ስለመጣልኝ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል አልኩና ረቡዕ ጠዋት ገባሁ። «ኧረ ተው፣ ምን ቤት ነህ አንተ!» እያለ ሳቀብኝ፤ ትቶኝም ወደ ከተማ ሄደ። ውኃው የላይኛውን መደብ እየሞላ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሳይደርስብኝ ልጨርስ ብዬ ጎንበስ ብዬ እጣደፋለሁ። ያን ጊዜ ነው የሰው ጥላ ያየሁት።

ቦዩ ላይ የቆመችው ከሁላችንም ግርጌ፣ ከቦዩ ጭራ ላይ ማሳ ያላት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ነው የምትይዘው። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ደፍራ አታውቅም ነበር፤ ያን ዓመት ግን ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር ጀመረች። የልጅቱ ኪራይና ቀለብ ከዚያ ሽንኩርት ነው የሚወጣው። ሽንኩርቱ ካልደረሰ ልጅቱ ትመለሳለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ዛሬ ችሎት የለም?»

«ዛሬማ ረቡዕ ነው።»

እኔን አየችኝ። ቀጥላ ውኃውን አየችው። አንድ ነገር ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ውኃው የማን ተራ እንደሆነ ለማሰብ ቀና አላልኩም። ለማሰብ ምክንያት አልነበረኝም፤ የማስበው ወገቤን ነበር። ለካ ተራው የእሷ ነበር። ሰውዬው በተደጋጋሚ ተራዋን እየዘለለ ወደ ማሳው ሲያዞርባት ሰንብቷል፤ ያን ዕለት ማን እንደዘጋባት ልታይ ቦዩን ተከትላ ስትወጣ ያገኘችው ዳኛውን ነው፣ እግሩ በእሷ ውኃ ሊርስ አንድ ክንድ ቀርቶት፣ የሰውዬውን ሽንኩርት ሲያርም።

ሐሙስ ችሎት ተሰየመ። ሰብሳቢያችን በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ፣ ኋላ ሱቅ የከፈቱ ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛዋ ዳኛ በተመረጠች ማግስት ዓረብ አገር ስለሄደች በእሷ ቦታ ተለዋጩ ተቀምጧል። ከእሱ ሌላ ተለዋጭ የለንም። የመጀመሪያው መዝገብ ሲጠራ ሴትየዋ ከሳሽ፣ ሳቂታው ጎረቤቴ ተከሳሽ ሆነው ተነሱ። እኔ የረቡዕ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

«ክስሽን ተናገሪ» አሉ ሰብሳቢው።

«ክሴን ከመናገሬ በፊት ዳኛው ይነሱልኝ።»

«የትኛው?»

ጣቷን ለመቀሰር አፍራ በአገጭዋ አሳየች። «ጋሼ። ትናንት የተከሳሽን ሽንኩርት ሲያርሙ አይቻቸዋለሁ። በኔው ውኃ።»

ቤቱ ጉድ አለ። ፊቴ ነደደ። ንዴቴ በእሷ ነበር፤ ስም አጠፋችኝ፣ ዕውነቱን ሳትጠይቅ ሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ ተቃጠልኩ። ተነስቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ።

«ያረምኩት ሊያስቸግርሽ አይገባም። እሱ አስቀድሞ የኔን አርሞልኝ ነበር፤ ብድሩን ነው የመለስኩት።»

«እሱ ስለምን አረመልዎት?»

«ዳኛ እንድሆን ብሎ ነዋ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሲያልቅ ሰማሁት። ከስብሰባው ቀን ጀምሮ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ያጨበጨበለት፣ እጁን ያወጣበት ነገር፣ በችሎት ሲነገር ሌላ ነገር ሆነ። ነገሩን ያባሰው ራሱ ጎረቤቴ ነው። ብድግ ብሎ በዚያ በሚያምር ድምፁ «ኧረ ይቀመጡ! እኔ በእሳቸው ሙሉ እምነት አለኝ!» አለ። ከእሱ እምነት ይልቅ ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ሰብሳቢው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ከተነሳህ ሦስት አንሞላም። ችሎት የለም ማለት ነው። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሌላ ሰው እስኪተካ ሽንኩርቷ ያልቅላታል፤ ይህን አስበሃል?»

«አስቤዋለሁ።»

«ታዲያ ተቀመጥና ፍረድላት። ውኃውን በዓይንህ አይተኸዋል አይደል?»

«አይቻለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ነገር ተቀምጬ እፈርዳለሁ?»

ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ተመልሼ ገባሁና ለሴትየዋ በቀጥታ ነገርኳት፤ ችሎት ፊት ይህን ማለት ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም።

«እነሳለሁ። ግን ስነሳ ዛሬ የሚሰማሽ ችሎት የለም። ሌላ ሰው እስኪመረጥ ትጠብቂያለሽ። ሽንኩርትሽ ይጠብቅሻል?»

እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይፈትላል።

«አይጠብቅም» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንቱ ተቀምጠው ቢፈርዱልኝ፣ ነገ ሰውዬው ወረዳ ሄዶ ‹ዳኛው ለኔ ያረሙ ናቸው› ብሎ ያሽረዋል። በራሱ አረም ያሽርብኛል። እኔ የሚቆም ፍርድ ነው የምሻው። ይነሱልኝ፤ ተነስተው ደግሞ ያዩትን ይመስክሩልኝ።»

ተነሳሁ። ከዚያ ወንበር ስነሳ ያለፍኩት ወደ ከሳሽ ምስክሮች ተርታ ነበር። ንዴቴ እዚያው ጠፋ። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው፤ እንዲያውም እንዲህ አሳምሬ አልለውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለእኔ በር በሌለው ቤት ውስጥ እንደመዞር ነው። ምክር ቤቱን የሚሰበስበው ሊቀመንበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ በተፋሰስ ዘመቻ ላይ ነው። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት አገሩ በሙሉ በየልማት ቡድኑ ተሰልፎ ተራራ ላይ እርከን ይቆፍራል። እኔም እየቆፈርኩ አገኘሁትና ለመንኩት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሰበሰቡ፣ አንድ ሰው ይተኩ አልኩት።

«አንተ ደግሞ፣ ለሽንኩርት ብዬ ምክር ቤት ልጥራ? ኮታችን አልሞላም እኮ። ይልቅ ለምንድነው የተነሳኸው? ሕዝብ መርጦህ!»

«እንግዲያስ ከዳኝነቱም አሰናብተኝ።»

«መልቀቂያህን ጻፍና ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አቅርብ» አለኝ፤ እያሾፈ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው።

ወደ ውኃ አባት ሄድኩ። እሱ ደግሞ ከክሱ በፊት ቢያንስ ሰውዬውን ይቆጣው ነበር፤ አሁን ግን እጁን ሰበሰበ። «ነገሩ ሕግ ፊት ነው፣ ክስ ያለበትን ተራ አልነካም፤ ከወንጀል ላይ ትጥለኛለህ» አለኝ። ማለትም ሴትየዋ መክሰሷ ራሱ ያላትን ትንሽ መከታ ወሰደባት። ጎረቤቴም እየሳቀ ውኃውን ይወስዳል። ሳገኘው ተቆጣሁት፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ፍርድ ይምጣና እታዘዛለሁ» አለኝ። ፍርድ የማይመጣው በማን ምክንያት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ሊያርምልኝ ሲመጣ ይህን አስቦ ይሁን፣ ወይስ እንደ ልማዱ እጁ ቀድሞት ይሁን፣ እስከዛሬ ለይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን በእጄ ነበር፤ የራሴ ተራ። አንድ ጠዋት ወደ ማሳዬ የሚገባውን አፍ በአፈር ዘጋሁና ውኃው ወደ ግርጌ እንዲወርድላት ለቀቅኩት። ደስ ብሎኝ ቁሜ አየዋለሁ። ሰብሳቢው ለሱቃቸው አትክልት ሊገዙ በዚያ ሲያልፉ አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ውኃዬን ነው። የገዛ ተራዬን።»

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

በአገጬ ወደ ግርጌ አሳየኋቸው።

«ምስክሯ ነህ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያሳዘንኳቸው ይመስላል። «ያላት ምስክር አንተ ብቻ ነህ። ሰውዬው ይህን ቢያይ፣ ምስክሯ አጋሯ ነው ብሎ ቃልህን ያስጥላል። ያኔ ምን ይቀራታል?»

ልክ ናቸው። ያ ሰሞን ሰው ሁሉ ልክ ነበር፤ ልክ ያልሆነ ሰው ባገኝ ተደባድቤ ይወጣልኝ ነበር። ዶማዬን አነሳሁና የዘጋሁትን በገዛ እጄ መልሼ ከፈትኩ። ውኃው ወደ እኔ ዞሮ ገባ። ወደ ግርጌ የሄደችው ጥቂት ውኃ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ መሬት ጠጣቻት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቦዩ ጭራ ላለመሄድ መንገድ እቀይር ነበር፤ ግን ከአውራ ጎዳናውም ያ ማሳ ይታያል። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቅጠሉ ተኛ። ሽንኩርት ሊያኮርት፣ ሥሩ ሊወፍር ሲል ውኃ ካጣ ከነጭ ሽንኩርት አይበልጥም፤ ዘርም ገበያም አይሆንም። አይሱዙዎቹ ከአጣዬ መስመር እየተመለሱ ወደ ማሳችን ሲታጠፉ፣ ያን ማሳ ያየ ነጋዴ አንድም ጊዜ ፍሬን አልያዘም። የእኔ ግን እዩኝ እዩኝ ይላል፤ በሰው ጉልበት ከሥሩ ጠርቶ አድጎ፣ ዐፈሩን ገፍቶ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት አግኝቼ አላውቅም። ማየቱ ያስጠላኝ ነበር።

ለመንቀሉ ደቦ አልጠራሁም። ሸሁ ልጆች ልላክልህ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እጃቸውን ስሜ፣ ዘንድሮ በቀን ሠራተኛ ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው፤ ግን አላስገደዱኝም። ሰው እፈልጋለሁ ብዬ ከተማ አስወራሁ። ጠዋት ላይ ሠራተኞቹ ከማሳው ራስ ተሰብስበው ቦታ ስደለድል፣ ከኋላ ነጠላዋን ያሸረጠች አንዲት ሴት ቆማለች። ቀና ስትል አወቅኋት።

«ጋሼ፣ የቀን ሥራ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሰው እንዳይሰማን ወደ ዳር ወሰድኳት። አፌ ውስጥ የነበረው ያ ሁሉ ደንብ አንድ ላይ መጣብኝ።

«አንቺማ አይሆንም እኮ። ምስክርሽ ነኝ። ከሳሽና ምስክር አንድ ማሳ ላይ ሲሠሩ ቢታዩ ጉዳይሽን ያበላሽብሻል። ዘመቻውም ሊያልቅ ነው፤ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል። ጉዳይሽ ይለቅና ከዚያ በኋላ…»

አላቋረጠችኝም። ልጨርስ ጠበቀችኝ። እኔው ነኝ መጨረስ ያቃተኝ።

«ልጅሽስ?» አልኳት።

«መጥታለች። ቤት ናት።»

ከዚያ ማሳዬን በዓይኗ ዳር እስከ ዳር አየችው። ቂም አላየሁባትም፤ ሥራው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ የሚገምት ሰው አስተያየት ነበር።

«ጉዳዬማ አልቋል ጋሼ» አለችኝ። «የቀረው ፍርዱ ነው።»

ከቦዩ አጠገብ ያለውን መደብ አሳየኋትና ጎንበስ ብላ መንቀል ጀመረች።